ከኔ ቤት የወጡ ጀሪካኖች

ኅዳር 8፣ እሁድ

ሳይጠፋኝ ቶሎ ልጻፈው። ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቁም ዜማ ላይ ነበርን። ቁም ዜማ ላይ ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፣ ድምፅ ብቻ ነው። በመሪው በኩል ቅጭል የሚል ነገር ተሰማ። ቆም አለ። ደግሞ ቅጭል። ዲያቆናቱ ዞር ዞር አሉ። የኔታ ናቸው... ጸናጽሉን በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። እጃቸው ግን በራሱ ይንቀጠቀጣል። ክንዱ የሚባለው ትልቁ ተማሪያቸው ቀስ ብሎ ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት። እጁን መለሰ።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጸናጽል የሚመታበት ጊዜ ሲደርስ እንደ ድሮው መቱት። አንድም አልሳቱ። ሲያርፍ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲሠራ የሚረጋ እጅ... ምን ዓይነት እጅ ነው?

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ልዕልት "አየህ?" አለችኝ። ምኑን አልኳት። ማየቴን ታውቃለች። አባቷ ናቸው። ለኔም አማት ብቻ አይደሉም፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው።

አሁን ሳስበው ቀድሞም ነበር፦
1. ለመስቀል ውሃ ሲጠጡ ኩባያው ጥርሳቸውን መታው።
2. ጽሕፈታቸው አንሷል። መስመሩ መጨረሻ ላይ ፊደሉ ጤፍ ያክላል።
3. ቀኝ እግራቸውን ይጎትታሉ።
እኔ ደግሞ ሦስቱንም አይቼ እርጅና ብዬ አለፍኩ። በስልሳ ስምንት ዓመት?

ኅዳር 10

ባሕር ዳር ሐኪም ይያቸው ተባለ። የኔታ እምቢ አሉ። ሚካኤል ሳያልፍ የትም አልሄድም አሉ።

ኅዳር 17፣ ባሕር ዳር

መንገዱ ክፍት ነበር፣ ተመስገን። ከንፋስ መውጫ ንጋት ላይ ተነሥተን ሚኒባሱ ውስጥ የኔታ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አድርገው መጡ።

ሐኪሟ ልጅ ናት፣ ልጃችንን ሩትን በአምስት ስድስት ዓመት ብትበልጣት ነው። ጣታቸውን አስከፈተች፣ አስዘጋች። ኮሪደሩ ላይ አስኬደቻቸው። ሽታ ይሰማዎታል ወይ አለች። ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደጠፋባቸው አያስታውሱም። እኔም ልዕልትም ይህን አናውቅም ነበር።

ፓርኪንሰን ይባላል አለች። ጭንቅላት ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያዝዘው ክፍል ቀስ በቀስ ይሞታል። አይድንም፣ ግን በኪኒን ይታገዛል። ከምን መጣ አልኳት። ይህ ነው የሚባል አንድ ምክንያት የለውም አለችና ወረቀቷን እያየች ትጠይቃቸው ጀመር። በልቤ ቆጠርኩ፦ ዕድሜ። ከቤተሰብ ያለበት ሰው። ጭንቅላታቸውን ተመትተው እንደሆነ። የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሆነ። አምስተኛው ላይ የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት ይረጫሉ ወይ አለቻቸው።

የኔታ ፈገግ አሉ። "የኔ ልጅ፣ ከጸበል በቀር ተረጭቶብኝ የሚያውቅ ነገር የለም።"

ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከቤተሰብ የሚረጭ ሰው አለ ወይ አለች።

"ሁላችንም ገበሬዎች ነን" አልኳት።

ምን ማለት ነው እሱ? መልስ ነው? ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች አላየሁም።

ኅዳር 18

ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ልጻፈው፣ ቢያንስ አንድ ቦታ ይኑር።

የሚረጨው እኔ ነኝ። በቀበሌያችን ባለ መርጫው ሙሉቀን ማለት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት። ስንዴ ላይ አረም ሲበዛ፣ ባቄላ ላይ ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ሲወርድ፣ ጎተራ ነቀዝ ሲገባው የሚጠራው እኔ ነኝ። ግብርና አንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቶናል። ባዶውን የመድኃኒት ጀሪካን ወግታችሁ ቅበሩ ብለውናል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ደብተሬም ላይ ጽፌዋለሁ።

አልቀበርኩም። ወፍራም ነው፣ ነጭ ነው፣ ክዳኑ ጠብታ አያሳልፍም። በበቅሎ ሲጫን እንኳ አይፈስም። ማን ይቀብረዋል? በአመድና በአሸዋ አሸሁት፣ በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። የመጀመሪያውን፣ ምርጡን፣ ለየኔታ ሰጠሁ። ለጸበል።

በየሁለት ሳምንቱ ገደል ወርጄ ጸበሉን በዚያ ጀሪካን የምቀዳላቸው እኔ ነኝ። ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ አንድ ኩባያ ይጠጣሉ። በባዶ ሆዳቸው። አሥራ አንድ ዓመት። አማች እንዲህ ነው ይሉኝ ነበር ሰዎች። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ኅዳር 19

የሰጠኋቸው ቤቶች፦
1. የኔታ
2. እኛው ቤት (ሁለት)
3. የአብነት ተማሪዎቹ፣ ክንዱ ያሉበት ጎጆ
4. ኤልሳቤጥ፣ ከጅረቱ ማዶ
5. አበጀ
6. ጌታነህ፣ ወፍጮ ቤቱ
7. አለሙ
ሰባት ቤት። ከኔ ቤት የወጡ ስድስት፣ የኛ ሁለት። እኛ ቤት ያለው ላይ ሩትና ወንድሟ ዳንኤል አድገውበታል። ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩ። ተመልሼ ነው ይህቺን የጨመርኩ።

ኅዳር 22

ኪኒኑ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። የኔታ የጠዋቱን አይወስዱም። የነቢያት ጾም ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከጸበል ሌላ በአፌ አይዞርም አሉ። ልዕልት ለመነች። እኔ አልለመንኩም። ጸበሉ ከምን እንደሚቀዳ እያወቅሁ በምን አፌ?

ዛሬ ጸበል ስወርድ ቢጫውን የውሃ ጀሪካን ይዤ ሄድኩ። ለምን ቀየርከው ቢሉኝ ተሰነጠቀ እላለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቁም።

ኅዳር 24

ሩት ደብረ ታቦር ነርሲንግ ትማራለች። ደወልኩላት። አንድ ሰው በመድኃኒት ጀሪካን ውሃ ቢጠጣ ምን ይሆናል አልኳት። ፕላስቲኩ ይመጥጠዋል፣ በማጠብ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ ትንሽ ትንሽ ይለቃል አለችኝ። የፓርኪንሰንንም ጠየቅኳት። ኬሚካል የሚነካ ሰው ላይ ይበዛል የሚሉ ጥናቶች አሉ፣ ግን በዚህ ምክንያት ያዘው ብሎ አንድን ሰው ለይቶ መናገር አይቻልም አለች። ጭስ፣ የጉድጓድ ውሃ፣ በዘር የሚመጣ... ብዙ ደረደረች። ጻፍኩ።

ከዚያ እሷ ጠየቀችኝ። "አባዬ፣ ሰውየው ማነው?"

ኔትወርክ ተቆራረጠ አልኳት። አልተቆራረጠም ነበር።

ኅዳር 29፣ እስቴ

የመጣሁት ለምን እንደሆነ ለልዕልት አልነገርኳትም። የየኔታ ታላቅ እህት እቴቴ አዛለች እዚህ ናቸው። እናታቸው ይንቀጠቀጡ ነበር ወይ ብዬ ልጠይቃቸው ነው የመጣሁ። በዘር ከሆነ... በዘር ከሆነ እኔ የለሁበትም።

በደብረ ታቦር ዞሬ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እቴቴ አዛለች ደጃፍ ላይ ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ከኔ ይሻላል። ስለ ወንድማቸው ነገርኳቸው፣ አለቀሱ። ከዚያ ጠየቅኳቸው። እናቴ በሰማንያ ዓመቷ ቀጭን ፈትል ትፈትል ነበር፣ እጇ እንደ ዓለት ነበር አሉ። አባትዎስ? እሱም ደህና። አያት? አጎት? አንድ አጎት ይንቀጠቀጥ ነበር አሉ። የኔ ነገር... ሰው ተንቀጥቅጦ ነበር ሲባል ደስ አለኝ።

"እሱስ አረቄ ነው" አሉ።

ሌላ ደግሞ ጠየቅኳቸው። የኔታ ልጅ ሆነው ከዛፍ ወድቀው ያውቃሉ? ተመትተው ያውቃሉ? ምስሩን ወደ ጎን አድርገው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ወንድሜን ልታስታምም ነው የመጣህ ወይስ ከራስህ ላይ ልታወርድ?"

ልሄድ ተነሣሁ። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። ሲሸኙኝ ለየኔታ በሶ ቋጠሩልኝ።

ታኅሣሥ 6

አውድማ ላይ ዋልን። ገብስ። ልዕልት መንሹን ይዛ ቆመች፣ ነፋስ እየጠበቀች። እዚያው ነገርኳት። ለምን እዚያ? እንጃ። ሁለታችንም እጃችን ሥራ ይዟል፣ ምናልባት ለዚህ ነው።

ሁሉንም ነገርኳት። የሐኪሟን ጥያቄ፣ የመለስኩላትን፣ እስቴ ለምን እንደሄድኩ። አላቋረጠችኝም። ጨረስኩ። ነፋሱ መጣ፣ መንሹን አላነሣችውም።

"ሩት የጠጣችው በየትኛው ነው?" አለችኝ።

በሁለቱም አልኳት።

መንሹን አስቀምጣ ወደ ቤት ሄደች። ስመለስ ሁለቱም ጀሪካኖች ደጅ ወጥተዋል፣ ክዳናቸው ተከፍቶ። ማታ ራት ሰጠችኝ። አልተናገረችም። ከማትሰጠኝ ይህ ይብሳል።

ታኅሣሥ 9

ዛሬ ተናገረች። አንድ ነገር ብቻ። ለአባቴ ንገራቸው፣ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ከኔ ከሰሙት ግን ከዚያ በኋላ ፊታቸው አትቆምም አለች። እውነቷን ነው።

ታኅሣሥ 12

ነገርኳቸው።

ከትምህርት ቤታቸው ጎን ፀሐይ እየሞቁ ነበር፣ ተማሪዎቹ ጓሮ ሆነው ዜማ እያጠኑ። የዜማው ድምፅ ይሰማል። ልጆቹ ተሳስተው ሲያነሡ የኔታ ቀና ብለው "እረፍ፣ መልስ" ይላሉ፣ ከዚያ ወደኔ ይመለሳሉ። እንዲህ እየተቋረጥኩ ነው የተናገርኩት። ተንበርክኬ ልናገር ነበር፣ ተቀመጥ አሉኝ። ጀሪካኑ ከምን እንደመጣ፣ እንዴት እንዳጠብኩት፣ ሐኪሟ ስትጠይቅ እንዴት ዝም እንዳልኩ።

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። እሱን እያዩ ቆዩ። ከዚያ የተናገሩትን እንዳለ ልጻፈው።

"መጀመሪያ ሰሞን ሽታ ነበረው" አሉ። "የጸበሉ መስሎኝ ነበር። ድኝ የሚሸት ጸበል አለ አይደል? ኃይለኛ ነው ብዬ አንዱን ኩባያ ሁለት አደረግሁት።"

የሁለቱንም ኩባያ ውሃ የቀዳሁት እኔ ነኝ።

"በኋላ ሽታው ጠፋ። ታጥቦ ይሁን አፍንጫዬ ሞቶ... እሱን እንግዲህ ማን ይነግረናል።"

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። እግዚአብሔር ይፍታህ አላሉም። ይቅር ብዬሃለሁም አላሉም። ሌሎቹ ጀሪካኖችስ የት ናቸው አሉኝ። ዝርዝሩን ከኪሴ አወጣሁ። አንብብልኝ አሉ። አነበብኩ። ሦስተኛው ላይ፣ ተማሪዎቹ ላይ ስደርስ፣ ፊታቸው ተለወጠ። ስለራሳቸው ስነግራቸው እንዲህ አልሆኑም።

ወዲያው ክንዱን ጠሩትና ጀሪካኑን ከጎጆው አስወጡት። ለምን እንደሆነ አልነገሩትም። አንተ ትነግረዋለህ አሉኝ።

ቀጥለው እንዲህ አሉ፦ "ሰባቱንም ቤት ትዞራለህ። በስውር አይደለም፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ትናገራለህ። እኔ ደግሞ የንስሐ አባቴን አስፈቅጄ የጠዋቱን ኪኒን እውጣለሁ። አንተም የመረረህን ትውጣለህ፣ እኔም የመረረኝን።"

ታኅሣሥ 13

ለክንዱ ነገርኩት። ስንት ዓመት ጠጣን አለኝ። አራት አልኩት። ቆጠረና "አምስት" አለኝ። ትክክል ነው፣ አምስት።

ታኅሣሥ 20፣ እሁድ

ዛሬ ተናገርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያለው ዋርካ ሥር ሕዝቡ ተቀምጦ፣ የኔታ ከፊት ወንበር ላይ። አስቀድመው ሙሉቀን የሚነግራችሁ ነገር አለ፣ እስኪጨርስ አታቋርጡት አሉ። አላቋረጡኝም። የኔታን ያሳመማቸው መድኃኒቱ መሆኑን ማወቅ አልችልም፣ ሐኪምም ማወቅ አይችልም፣ ግን በዚያ ጀሪካን መጠጣት የለበትም፣ ይህን እያወቅሁ ሰጠኋችሁ አልኩ። አዲስ እተካለሁ፣ አሮጌውን ስጡኝ አልኩ።

መጀመሪያ የተነሣ አበጀ ነው። "እኔ እንኳ ጠላ ነው የማደርግበት። ከተንቀጠቀጥኩ በምን እንደሆነ ሚስቴን ጠይቋት" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፣ ትንሽ ቀለለኝ። ያን ጊዜ ኤልሳቤጥ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ልጇን አርግዛ በዚያ ውሃ እንደጠጣች፣ ልጁንም በዚያ እንዳሳደገችው ተናገረችና "ምን ይሆናል?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

ማንም አልሳቀም ከዚያ በኋላ።

ታኅሣሥ 25

ዛሬ የሆነው፦
አለሙ መልሷል። አዲሱን ሰጠሁት፣ ሻይ አጠጣኝ።
ጌታነህ መልሷል። ዱቄት እያራገፈ ሰጠኝ።
ኤልሳቤጥ ጀሪካኑን ደጅ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። አዲሱን አልተቀበለችም። ከአንተ እጅ አልቀበልም አለች። ልዕልት ወሰደችላት፣ ከሷ ተቀበለች።
የመስኖ ድንች ልረጭላቸው የተነጋገርን ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ትተውኛል። ሦስተኛው፣ ሌሎች ስለሸሹህ ባዶ ነህ አይደል፣ ቶሎ ና አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው?

ጥር 5

የተሰበሰቡትን ጀሪካኖች ዛሬ በመቆፈሪያው ገሶ ወጋኋቸው፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ዳንኤል ሊረዳኝ መጣ፣ አባረርኩት። እንዳትነካ ብዬ ጮህኩበት። አሥር ዓመት በሱ ካጠጣሁት በኋላ።

ሩት ደወለች። እናቷ ነግራታለች። አልተቆጣችም፣ አለቀሰች። ከዚያ እጅህን ዘርግተህ አይተህ ታውቃለህ፣ ያንተስ አይንቀጠቀጥም ወይ አለችኝ። ስለራሴ አንድ ቀን አላሰብኩም ነበር። ስልኩን ዘግቼ እጄን ዘረጋሁት። አይንቀጠቀጥም። እንደገና ዘረጋሁት።

ጥር 27፣ ባሕር ዳር

ለሐኪሟ ነገርኳት። የኔታ አጠገቤ ተቀምጠው። ትቆጣለች፣ ትወቅሰኛለች ብዬ ነበር የፈራሁ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሌሎች ሰዎች ይጠጡበታል ወይ ብላ ነው። እንዲያው ሁሉም ሰው ያንኑ ነው የሚጠይቀኝ፣ እኔ ብቻ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ከዚያ ካርዱ ላይ ጻፈች። ከዚህ ነው የመጣ ብዬ ልፈርምልህ አልችልም፣ ከዚህ አይደለም ብዬም ልፈርምልህ አልችልም አለችኝ። የኔታን ደግሞ፣ አሥር ሰዎች አንድ ዓይነት ውሃ ቢጠጡ ዘጠኙ ላይታመሙ ይችላሉ፣ ለምን እርስዎ እንደታመሙ አናውቅም አለቻቸው። ባለፈው ብትነግረኝም ሕክምናው ያው ነበር አለችኝ። ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። አላጽናናኝም።

በመንገድ ላይ የኔታ መስኮቱን እያዩ "ልጅቱ ጥሩ መምህር ናት" አሉ። "የማታውቀውን አላውቅም ትላለች።"

የካቲት 4

የጠዋቱን ኪኒን ከጀመሩ ወዲህ እግራቸው ፈታ ብሏል። ቁልፍ ይቆልፋሉ። የንስሐ አባታቸው ለዓቢይ ጾምም ፈቅደዋል። ኪኒኑን ይዤ ስገባ ግን በየቀኑ ሳያጉረመርሙ አይቀሩም። ዛሬ "መጣ ጾም አስፈቺው" አሉኝ። ለሁለት ወር ያህል ሲቀልዱብኝ አልሰማሁም ነበር።

የካቲት 23፣ እሁድ

ዓቢይ ጾም ገብቷል። ከበሮም ጸናጽልም የለም። የኔታ ተቀምጠው መሩ፣ መቋሚያውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ድምፃቸው ቀንሷል። ክንዱ ከጎናቸው ሆኖ ከአፋቸው እየተቀበለ ጮክ አድርጎ ይመልሰዋል። ሰው ሁሉ እጃቸውን ያያል፣ እሳቸውም አይሸሽጉትም። ከጋቢው ሥር ማስገባት ትተዋል።

መርጫዬን ለግብርና ጣቢያው መልሻለሁ። ሰው ስለ መድኃኒት ሲጠይቀኝ የተማርኩትን እነግረዋለሁ፣ ያልሠራሁበትን ማለት ነው። ልዕልት ታናግረኛለች። እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን ታናግረኛለች። ትላንት ጸበል ስወርድ አብራኝ ወረደች። ጀሪካኑን እሷ ያዘች።

አበጀ ቤት አራት ጊዜ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ቀልዶ መለሰኝ። እንዲህ ያለ የማያፈስ ዕቃ ከየት ይገኛል ይላል። እኔው ነኝ ይህን ያስተማርኩት፣ ስሰጠው ያልኩት ቃል ነው። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ፣ እሱ የለም። ሚስቱ አትስጪ ብሎኛል አለች። አዲሱን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ዞር ብዬ ሳይ ታናሽየዋ ልጅ ነጩን ጀሪካን አዘንብላ በክዳኑ እየጠጣች ነው።

ስድስት ቤት ተመልሷል። የአበጀ ቤት ይቀራል። አንድ ጀሪካን፣ አራት ልጆች።